ሮቦቱን ከስክሪፕቱ አባረርኩት

የመጀመሪያው የአኒሜሽን ኮሜዲ ስክሪፕቴ 22 ገጽ ነበር። በሙያው ግምት አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው። የግማሽ ሰዓት ሲትኮምም (የቴሌቪዥን ተከታታይ ኮሜዲ) ማስታወቂያው ሲቀነስ 22 ደቂቃ ገደማ ነው። ታሪኩ ቀላል ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ ሰውዬ አለ፣ መጋዘኑ ሮቦት ያስገባል፣ ሰውዬው ቤት ይውላል። ሮቦቱ ይወድቃል፣ ዕቃ ይደባልቃል፣ ከግድግዳ ጋር ይጨቃጨቃል። እየጻፍኩ ብቻዬን እንደ እብድ እስቅ ነበር።

ለጓደኞቼ ሳነብላቸው ግን ጭጭ አሉ። አንዷ ብቻ አንድ ቦታ ላይ ሳቀች። ሰውዬው ከሥራ በተቀነሰ ማግስት እንደ ልማዱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ዩኒፎርሙን ለብሶ ሳሎን ቁጭ ይላል።

"ምን እየጠበቅክ ነው?" ትለዋለች ሚስቱ።

"መውጫ ሰዓቴን።"

ጓደኛዬ ቆይታ ነገረችኝ። አባቷም ከፋብሪካ የተቀነሱ ጊዜ ለወራት እንዲሁ ያደርጉ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ። የሮቦት ቀልድ አርጅቷል። የመጀመሪያው የኢንዱስትሪ ሮቦት ክንድ ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የገባው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። በዓመቱ በቴሌቪዥን የጀመረው "ዘ ጄትሰንስ" ደግሞ ሥራው ቁልፍ መጫን ብቻ የሆነ አባወራ አሳየን። ያ ሰውዬ ቢያንስ ቁልፍ ነበረው፣ ደመወዝም ነበረው። የኔው ያለው ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ሮቦቱን አባረርኩትና ቤቱን መጻፍ ጀመርኩ።

ሚስትየውን ካሸር አደረግኳት። እሷን አልቀነሷትም። ደንበኛው ራሱ ሂሳብ የሚሠራባቸው ስድስት ማሽኖች ተተከሉና ጠባቂ ሆነች። ማሽኑ በተበላሸ ቁጥር ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ማታ ቤት ገብታ ባሏንም በዚያው ድምፅ "እባክዎ ዕቃውን ያንሱ" ስትለው ነው ታሪኩ ነፍስ የዘራው።

ሥዕሉ ሌላ ጣጣ ነው። ስክሪፕቱን ወደ 11 ደቂቃ አሳጠርኩት። በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ቋሚ ምስል ነው፤ አንዱን ሥዕል ለሁለት ፍሬም ብትጠቀሙ እንኳ 7,920 ሥዕል ይወጣዋል። እኛ ሦስት ሰው ነን! መውጫው ከድሮ የቴሌቪዥን ካርቱን የተማርነው ዘዴ ሆነ። ገጸ ባህሪው ኮሌታ ካለው አንገቱ ላይ መገጣጠሚያው አይታይም። ሰውነቱን ዝም አሰኝታችሁ ጭንቅላቱን ብቻ ታንቀሳቅሳላችሁ። ሰውዬው ዩኒፎርሙን ጨርሶ የማያወልቀው፣ እውነቱን ልናገር፣ በግማሽ ለዚህ ነው።

ትልቁ ጥፋቴ አኒማቲኩን መዝለሌ ነው። ረቂቅ ሥዕሎቹን ከድምፁ ጋር ገጣጥሜ ሳላይ የመጋዘኑን ትዕይንት ሣልኩ። አርባ ሰከንድ ናት፤ አምስት ሳምንት በላች። በኋላ ስናየው ታሪኩን ገትራ ይዛዋለች። ቆረጥናት። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ድምፅ ላይም ተሳስቻለሁ። አኒሜሽን ላይ ድምፁ ቀድሞ ይቀረጽና አፉ በድምፁ ልክ ይሣላል። ባልና ሚስቱን ለየብቻ ስቀርጻቸው ሁለት ሰው ስልክ ላይ የሚያወራ መሰለ። አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጬ፣ አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ እንዲጨቃጨቁ ስፈቅድላቸው ባልና ሚስት ሆኑ። ድምፆቹ መደራረባቸው ለኤዲቲንግ ፈተና ነው። ይሁን።

ሲያልቅ ለጓደኛዬ አባት አሳየናቸው። የመውጫ ሰዓቱ ቀልድ ላይ አልሳቁም። የካሸሯ ላይ ግን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንድ ቅሬታ ብቻ ነበራቸው፤ የሰውዬው ማዘን እንዲታይ ብዬ ዩኒፎርሙን ጭምድድ አድርጌ ሥዬው ነበር።

"ይሄ ለምን ተጨማደደ?" አሉኝ። "እኔ አንድም ቀን ሳልተኩስ ለብሼ አላውቅም።"

የሰውነቱ ሥዕሎች ጥቂት ስለነበሩ በአንድ ከሰዓት ተኮስኩት።