ለዋርሶ ገና አምስት ዓመት አለን

ዛሬ ማታ ከእህቴ ጋር ካርታ ዘርግተን ስንከራከር አመሸን። በፖላንዱ የሙዚቃ ደራሲ በሾፓን ስም ዋርሶ ላይ የሚካሄደው የፒያኖ ውድድር በየአምስት ዓመቱ ነው፤ ያለፈው በ2025 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እኛ ስንነቃ ትኬቱ አልቆ ጠበቀን። «ገና ነው እኮ!» ትላለች። አይ እሷ!

እኔ የቋመጥኩት ለኦክቶበር 17 ነው። ሾፓን ያረፈበት ቀን ስለሆነ ውድድሩ ይቆምና በቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን የሞዛርት ሬኩየም፣ ማለትም ለሙታን የሚቀርብ የጸሎት ሙዚቃ፣ ይቀርባል። ሰውነቱ ፓሪስ ቢቀበርም ልቡ እዚያው ዓምድ ውስጥ ነው፤ ወደ ዋርሶ ያመጣችው እህቱ ናት። ይህን ሳነብላት የኔዋ ዝም አለች፤ ቆይታ «እኔ ግን አልሸከምህም» አለችኝ።

በማግስቱ የትውልድ መንደሩን ዠላዞቫ ቮላን እናያለን። ከተማው ውስጥ ደግሞ ቁልፍ ሲጫኑት የሾፓንን ሙዚቃ የሚያሰማ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ለሱ እንኳ ትኬት አያስፈልግም። ሆቴሉ ላይ አልተስማማንም።