ኤንክሌክስ እንዴት እንደሚታረም ቀድሞ ቢነገረኝ ኖሮ

ለኤንክሌክስ፣ ማለትም ለአሜሪካ የነርስ ላይሰንስ ፈተና፣ ስዘጋጅ ፋርማኮሎጂ የሚያስረዳኝ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ፈተናው በምን ሕግ እንደሚታረም በትክክል የሚነግረኝ ግን አጣሁ። ከፍዬ የገባሁበት የማጠናከሪያ ኮርስ ያስተማረን የነጥብ አሰጣጥ ጭራሽ የተሻረ ነበር። ከኢትዮጵያ በነርስነት ተመርቃችሁ አሜሪካ ላይሰንስ ለማውጣት ያሰባችሁ፣ በዚህ ገንዘብም ነጥብም እንዳታጡ ይህን ጻፍኩ።

የወረቀቱ ጉዳይ ባጭሩ ይኸው ነው፦ ስቴት መምረጥ፣ የትምህርት ማስረጃ ማስገምገም፣ ለስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ማመልከት፣ ፈተናውን ለሚሰጠው ድርጅት ለፒርሰን ቪዩ 200 ዶላር ከፍሎ መመዝገብ፣ የመፈተኛ ፈቃዱ ሲመጣ ቀን መያዝ። በፈቃዱ ላይ ያለው ስም ከምትይዙት መታወቂያ ጋር አንድ ፊደል ሳይዛነፍ መግጠም አለበት። እኛ ዘንድ የአባትና የአያት ስም ቦታ ይቀያየራል፤ ዲፕሎማና ፓስፖርት ላይም አጻጻፉ ይለያያል። ፈቃዱ በመጣበት ቀን አይታችሁ አስተካክሉት፤ ፈተናው ዕለት በር ላይ ማንም አያስተካክልላችሁም።

አገር ቤት የለመድነው በመቶኛ ነው። የመውጫ ፈተናው ማለፊያ 50 ከመቶ ነው፣ ግማሹን ያገኘ ያልፋል። ኤንክሌክስ ላይ መቶኛ የለም። ኮምፒውተሩ ከመልሳችሁ ተነስቶ የችሎታችሁን ግምት ያድሳል፤ ከዚያም የመመለስ ዕድላችሁ ግማሽ በግማሽ ይሆናል ብሎ ያሰበውን ጥያቄ ያመጣል። ስለዚህ ጎበዙም ደካማውም ብዙ ይስታል፤ የሚለያቸው የጥያቄዎቹ ክብደት ነው። ጥያቄው ሁሉ ከበደኝ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፣ ስንት እንዳገኙ መቁጠርም ከንቱ ድካም ነው። የማለፊያው መስመር የሚለካው በሎጂት (ችሎታና የጥያቄ ክብደት በሚለኩበት አሃድ) ሲሆን ለአርኤን (ለሬጂስተርድ ነርስ) ፈተና እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ወደ 0.00 ከፍ ብሏል፤ በየሦስት ዓመቱም ይገመገማል። ኮታ የለውም፤ የሌላው ማለፍ የእናንተን ዕድል አይነካም።

ጥያቄው ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ 5 ሰዓት። ከመጀመሪያዎቹ 85 ውስጥ 15ቱ ለወደፊት የሚሞከሩ ስለሆኑ ነጥብ የላቸውም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይታወቅም። ማሽኑ ከመስመሩ በላይ ወይም በታች መሆናችሁን በ95 ከመቶ እርግጠኝነት ሲያውቅ ይቆማል። ይህ 85 ላይ ሊሆን ይችላል፣ 112 ላይም። «85 ላይ ከጠፋ አልፈሃል» የሚባለው ውሸት ነው፤ 85 ላይ የሚወድቅም አለ። 150 የደረሰ ሰው እስከ መጨረሻው መስመሩ አጠገብ የቆየ ነው፤ ያን ጊዜ 95 ከመቶው ይቀርና የመጨረሻው ግምት ብቻ ይወስናል። 130ኛው ላይ «አለቀልኝ» ብሎ ሳያነብ መጫን የሚጀምር ሰው አንጀቴን ይበላዋል። ማሽኑ እኮ የሚጠይቀው ገና ስላልወሰነ ነው!

ሰዓት ካለቀስ? 85 ሳይሞላ ካለቀ ወድቃችኋል። 85 ካለፈ በኋላ ከሆነ እስከዚያ በመለሳችሁት ይፈረዳል። ድሮ የመጨረሻዎቹ 60 ግምቶች ሁሉ ከመስመሩ በላይ መሆን ነበረባቸው፤ ያ ሕግ ቀርቷል። ዛሬም በዚህ እያስፈራሩ ተማሪን የሚያጣድፉ አሰልጣኞች አሉ። ፈተናው ከተጀመረ ከ2 ሰዓት እና ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ የሚሰጠው ዕረፍት በፈቃደኝነት ነው ይባላል፤ ሰዓቱም ከእናንተ ላይ ይቆጠራል። እኔ ግን ሁለቱንም ውጡ እላለሁ፤ ለ150 ጥያቄ ቢከፈል እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 2 ደቂቃ ይደርሳል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ፤ «ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጡ» ወደሚለው ጥያቄ። ኮርሳችን «አንድ ካጎደላችሁ ዜሮ ናችሁ፣ ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ ጨምሩ» ይል ነበር። ይህ እ.ኤ.አ. እስከ መጋቢት 2023 ድረስ ይሠራ ይሆናል። ከሚያዝያ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን ለትክክለኛ ምርጫ 1 ነጥብ ይሰጣል፣ ለተሳሳተ 1 ይቀነሳል፣ ድምሩ ከዜሮ በታች አይወርድም። አዲሱን ሕግ ለአሰልጣኙ ሳሳየው «ልዩነት የለውም» ብሎ አለፈኝ። ልዩነቱን እዩት።

ፉሮሴማይድ (ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት) እና ዲጎክሲን (የልብ መድኃኒት) የሚወስዱ የልብ ድካም ታካሚ ፖታሺየማቸው ከልክ በታች ወርዶ 2.9 ሆኗል እንበል። ምርጫዎቹ እነዚህ ናቸው፦ ልባቸውን በሞኒተር መከታተል፤ ለሐኪም ማሳወቅ፤ ማቅለሽለሽና የእይታ ለውጥ እንዳለ መጠየቅ፤ ሐኪም ሳያማክሩ ቀጣዩን ፉሮሴማይድ መስጠት፤ ፖታሺየም በደም ሥር በአንድ ጊዜ መግፋት፤ ፖታሺየም ያለውን ምግብ ቀንሱ ማለት። ትክክሎቹ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ናቸው። ሦስቱን ብቻ የመረጠ 3 ያገኛል። ሁለቱን ብቻ የመረጠ 2። ሦስቱን መርጦ ፉሮሴማይዱን የጨመረም 2። ሁለቱን መርጦ በጥርጣሬ ምግቡን የጨመረ 1 ብቻ። ስድስቱንም የነካ ዜሮ።

ስለዚህ ከግማሽ በላይ ካመናችሁበት ምረጡት፤ ያለበለዚያ ተዉት። «ቢያንስ ሦስት ምረጡ» የሚባለውም ፈጠራ ነው። ጥያቄው ራሱ «ሁለት ምረጡ» ብሎ ቁጥር ከሰጠ ግን ቅነሳ የለም፤ ሁለቱንም ሙሉ። ሌላው ዓረፍተ ነገር የሚያስሞላው ነው፦ «ታካሚው ለዚህ ተጋልጧል፣ ምክንያቱም ይህ ነው»። ሁለቱ ባዶ ቦታዎች ተያይዘው ስለሚታረሙ ችግሩን አውቆ ምክንያቱን የሳተ ምንም አያገኝም። ከ85ቱ ውስጥ 18ቱ ከሦስት የታካሚ ታሪኮች የሚመጡ ስለሆኑ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በብዛት መሥራት ያዋጣል።

የተለማመድኩት በወረቀት ነው። በአንድ ዓምድ «የተውኩት ትክክል»፣ በሌላው «የጨመርኩት ስህተት» ብዬ እመዘግብ ነበር። ሁለተኛው ዓምድ ከረዘመ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የእውቀት ሳይሆን እጅ አለመሰብሰብ ነው። ለዚያ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ መግዛት አይረዳም።

ከፈተናው ማግስት እንደገና ለመመዝገብ ሞክሮ ካርዱ እንቢ ካለ አልፌያለሁ የሚለውን ዘዴ ተዉት፤ ካርዱ እሺ ካለ 200 ዶላራችሁ ሄደ። አገልግሎቱን በሚሰጡ ስቴቶች ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ በ7.95 ዶላር ጊዜያዊ ውጤት ይታያል፤ ይፋዊው ከቦርዱ ይመጣል። ላላለፈ ሰው በየርዕሱ ከመስመሩ በላይ፣ አጠገብ ወይም በታች መሆኑን የሚያሳይ ሪፖርት ይላካል። ጥናቱን «በታች» ከሚለው ጀምሩ። 45 ቀን ጠብቃችሁ መልሳችሁ መፈተን ትችላላችሁ ይላል ሕጉ፤ እኔ በ46ኛው ቀን አትቀመጡ እላለሁ፤ ሦስት ርዕስ «በታች» ላለው ሰው 45 ቀን አይበቃም። ስንት ጊዜ መፈተን እንደሚቻል ስቴቱ የራሱ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል፣ ስቴት ከመምረጣችሁ በፊት ያንን አጣሩ።