ቀስት የሌለው ቁጥር

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንዲት አያት የአምስት ወር የልጅ ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ደሴ ውስጥ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ መጡ። ሕፃኑ በሳንባ ምች ሲታመም ይህ ሦስተኛው ነበር፤ ምላሱና ጉንጩ ውስጥ የማይለቅ ነጭ ሽፋን አለ፣ ክብደቱም ከወር ወር መጨመሩ ቀርቶ ይቀንስ ጀምሯል። ደም ለመቅዳት ክንዱን ስይዘው ቆዳው በጣቶቼ መካከል እንደ ስስ ጨርቅ ይታጠፍ ነበር። አያትየው «የኔ ጌታ፣ ያለችውን ደም እኮ ጨረሳችሁበት» አሉኝ። «አይዞዎት እናቴ፣ ትንሽ ናት የምወስደው» ብዬ ቀዳሁ፤ ቱቦውን መሣሪያው ላይ አስቀመጥኩ፤ የወጣውን ወረቀት ፈርሜ ሰጠሁ። አጠቃላይ የነጭ ደም ሕዋሱ ቁጥር ከፍ ብሏል፣ ሄሞግሎቢኑ ወርዷል፤ በሁለቱም አጠገብ ቀስት ታትሟል። ከነጭ ደም ሕዋሳት አንዱ ዓይነት የሆነው ሊምፎሳይት በተጻፈበት መስመር ላይ 1,200 የሚል ቁጥር ነበር፤ ከአጠገቡ ግን ቀስት የለም። ቀስት ስላልነበረው ዓይኔ አልፎት ሄደ።

ሕፃኑ ከአንድ ወር በኋላ አረፈ።

ያ ቀስት ያልታተመው መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም። ለአዋቂ ሰው የሊምፎሳይት መጠን በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ1,000 እስከ 4,800 ገደማ ቢሆን ጤነኛ ነው፤ ስለዚህ 1,200 በአዋቂ መለኪያ ምንም አይልም። የአምስትና የስድስት ወር ሕፃን ግን ከ4,000 እስከ 13,500 ድረስ ሊኖረው ይገባል፤ የሕፃን ደም በሊምፎሳይት የበለጸገ ነው፣ ምክንያቱም ገና ከዓለም ጋር እየተዋወቀ ያለ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ብዙ ወታደር ያሰልፋል። መሣሪያው የሕፃን መለኪያ በውስጡ አለው፤ ነገር ግን ዕድሜውን የሚያስገባለት ሰው ይፈልጋል። እኔ ስምና የካርድ ቁጥር አስገብቼ ዕድሜውን ባዶ ትቼው ነበር፤ ወረፋው ሲረዝም ሁላችንም እንደዚያ እናደርግ ነበር። ወረቀቱ የአምስት ወሩን ሕፃን ከእኔ ጋር አወዳድሮ ጤነኛ ነው አለ።

ይህን የተረዳሁት ሕፃኑ ካለፈ ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ለሥልጠና ስዘጋጅ ስለ ሕፃናት ኢንፌክሽንና ስለ በሽታ መከላከል አቅም መታወክ የተሠሩ ምርምሮችን ማንበብ ስጀምር ነው። በእርግጥ የዚያ ልጅ ሕመም ምን እንደነበረ ዛሬም ማንም ሊናገር አይችልም፤ ኤች አይ ቪ እንደሌለበት በምርመራ ታውቋል፣ ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። እኔን ዕረፍት የነሳኝ መልሱ አለመገኘቱ ብቻ ሳይሆን፣ ጥያቄውን የሚያስነሣው ቁጥር በእጄ አልፎ መሄዱ ነው።

የዚህ ምርምር መነሻ አንድ ልጅ ነው። ኦግደን ብሩተን የተባለ አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1952 ያሳተመው ጽሑፍ በተደጋጋሚ ደሙ በባክቴሪያ እየተመረዘ ይታመም ስለነበረ የስምንት ዓመት ልጅ ይተርካል። ሐኪሙ እያንዳንዱን ሕመም ለየብቻ ማከሙን ሳያቋርጥ፣ ይህን ልጅ ብቻ ለምን ይመላለስበታል ብሎ ጠየቀ፤ የደሙን ፕሮቲን ሲያስመረምርም ፀረ እንግዳ አካላት የሚገኙበት ጋማ ግሎቡሊን የሚባለው ክፍል ጨርሶ የለም። ከሌሎች ሰዎች ደም የተዘጋጀ ጋማ ግሎቡሊን በየወሩ ሲወጋው ልጁ ደኅና ሆነ። ጉድለቱን የሚያመጣው ዘረመል የታወቀው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ዛሬ ደግሞ ሲበላሹ የበሽታ መከላከያ ሥርዓትን የሚያውኩ ከ450 በላይ ዘረመሎች ይታወቃሉ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ሐሳቡ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ከደሴ ወጣ ብላ ያለችው ቦሩ ሜዳ በሥጋ ደዌ ሕክምና ስሟ የቆየ ነው፤ የሥጋ ደዌ ደግሞ ይህንኑ ትምህርት ከማንም በላይ በግልጽ ያስተምራል። ባክቴሪያው አንድ ሆኖ ሳለ፣ የመከላከል ምላሹ ጠንካራ በሆነ ሰው ላይ ጥቂት የደነዘዙ የቆዳ ምልክቶች ብቻ ይታያሉ፣ ምላሹ ደካማ በሆነው ላይ ግን ሰውነቱን ሁሉ ያዳርሳል፤ አብዛኛው ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይታመምም። በሽታውን የሚወስነው ተዋሲው ብቻ አይደለም፤ የገባበት ቤትም ይወስናል።

ለሕፃናት ይህን በዘረመል ደረጃ ካሳዩት ሥራዎች አንዱ ከቢሲጂ ክትባት ጋር የተያያዘ ነው። ቢሲጂ የተዳከመ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው፤ በአገራችን ሕፃኑ እንደተወለደ ክንዱ ላይ ይወጋል፣ ትንሽ ቁስል ሠርቶ ጠባሳ ትቶ ይድናል። በጣም ጥቂት ልጆች ላይ ግን ያ የተዳከመ ባክቴሪያ ከክንድ ወጥቶ ወደ አጥንት፣ ወደ ጉበትና ወደ ንፍፊቶች ይሠራጫል። እ.ኤ.አ. በ1996 ሁለት የተመራማሪ ቡድኖች፣ አንዱ እንዲህ ያለ ሕፃን፣ ሌላው ደግሞ በቢሲጂ ዘመድ ባክቴሪያዎች የታመሙ ልጆችን ሲመረምሩ፣ ሕዋሶቻቸው ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባለውን መልእክት የሚቀበሉበት ተቀባይ በዘር ተበላሽቶ አገኙት። ልጆቹ አብዛኛውን ሌላ በሽታ እንደማንኛውም ልጅ ይቋቋማሉ፤ የሚሸነፉት በዋናነት ለቢሲጂና ለዘመዶቹ ባክቴሪያዎች ነው። ይህን ስጽፍ አንድ ነገር አጥብቄ መናገር አለብኝ፦ ቢሲጂ ለአብዛኛው ሕፃን ከከባድ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነቶች ከለላ ነው፣ ከብብት ሥር አንድ ንፍፊት ማበጡም በጤነኛ ልጅ ላይ ሊያጋጥምና በራሱ ሊጠፋ ይችላል። ማንም እናት ይህን አንብባ ክትባት እንዳታስቀር እለምናለሁ። የሚያሳስበው ቁስሉ ወራት አልፎት ሳይድን፣ ልጁም እየከሳ ሲሄድ ነው።

ከሁሉም የከፋው ጉድለት ከሊምፎሳይት ዋነኞቹ የሆኑት ቲ ሕዋሳት የማይፈጠሩበት ነው፤ እነዚህ ሕፃናት የሚወለዱት ጤነኛ መስለው ነው፣ ካልታከሙ ግን አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን አያዩም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ከሕፃኑ ተረከዝ በወረቀት ላይ በሚንጠባጠብ ደም አዲስ የተፈጠሩ ቲ ሕዋሳት ምልክት ይለካል፤ ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ሲመረመሩ ከ58,000 በአንዱ ላይ ይህ ከባድ ጉድለት ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው የመቅኒ ንቅለ ተከላ ካገኙት ውስጥ 94 በመቶ ያህሉ በሕይወት መቆየታቸውን አሳይቷል። ያ የደም ወረቀት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ካለ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት በስድስት ሳምንታቸው የሚመረመሩት በዚሁ ነው፤ ተረከዝ ይወጋል፣ አምስቱ ክቦች በደም ይሞላሉ፣ ወረቀቱ ደርቆ በፖስታ ይላካል። የጎደለን ወረቀቱን የሚሞላ እጅ አይደለም።

ባልደረቦቼ «ብታውቀውስ ምን ታደርግለታለህ? መቅኒ እዚህ አይተከል» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ደሴ ላይ አይተከልም። ነገር ግን ኮትሪሞክሳዞል በየፋርማሲው አለ፤ ኤች አይ ቪ ያለባቸውን ልጆች ከሳንባ ምች ለመጠበቅ ለዓመታት የሰጠነው ያው ርካሽ ሽሮፕ ለእነዚህም መከላከያ ነው። ሕይወት ያላቸውን ክትባቶች ለዚህ ልጅ ሳይሰጡ ማቆየት፣ ደም ሲያስፈልገው የተገኘውን ደም ሁሉ ዝም ብሎ አለመስጠት፣ ትኩሳት ሲነሣበት ቀን ሳይቆጥሩ አንቲባዮቲክ መጀመር፣ በጊዜ ወደ አዲስ አበባ መላክ ይቻላል። ምንም ማድረግ ባይቻል እንኳ ቀጥሎ የሚወለደው ወንድሙ አለ።

ስለ ወንድሞች ካነሣሁ፣ ሾተላይን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በወሎ ገጠር ልጅ እየወለደች የሚሞትባትን እናት «ሾተላይ አለባት» ይሏታል፤ የቀጣዩን ልጅ ስም ምትኩ ወይም ካሳ ይሉታል። ቃሉን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥረው የሚያጣጥሉ የጤና ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ቤተሰቡ ከእኛ ቀድሞ ያየው ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። በአንድ ማሕፀን ሞት ሲደጋገም አንዳንዱ የደም ዓይነት አለመጣጣም ነው፣ አንዳንዱ ሌላ ነው፤ የሚሞቱት ወንዶቹ ብቻ ሲሆኑና እናትየዋም በሕፃንነታቸው የሞቱ ወንድሞች ሲኖሯት ግን በእናት በኩል በኤክስ ክሮሞሶም የሚተላለፍ የመከላከል ጉድለት ሊኖር ይችላል። እናት ተሸካሚ ሆና ጤነኛ ናት፤ እያንዳንዱ ወንድ ልጇ የመታመም ዕድሉ ግማሽ ነው። ይህን ለማወቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማሽን ሳይሆን «ከአንቺ ወንድሞች በሕፃንነቱ ያለፈ አለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ነው።

በእርግጥ ደጋግሞ የሚታመም ልጅ ሁሉ በዘር የመጣ ጉድለት አለበት ማለት አይደለም። በዓለም ዙሪያ የሕፃናትን የመከላከል አቅም በማዳከም ምግብ እጥረትን የሚያህል የለም፤ ቲ ሕዋሳት የሚሠለጥኑበት ታይመስ ዕጢ በተራበ ልጅ ውስጥ ይኮማተራል። ኩፍኝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት በኔዘርላንድስ 77 ያልተከተቡ ሕፃናትን ደም ከኩፍኝ በፊትና በኋላ አወዳድሮ፣ ቀደም ሲል በሌሎች በሽታዎች ላይ ያከማቿቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ መጥፋታቸውን አሳይቷል። እናቶቻችን «ኩፍኝ ከያዘው ወዲህ ልጄ አልተመለሰልኝም» ሲሉ የሚሰማኝ አሁን ሌላ ነው።

ዛሬ በመሣሪያው ጎን በዕድሜ የተከፋፈለ የሊምፎሳይት ሠንጠረዥ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ዕድሜ ሳይገባም ወረቀት አይወጣም። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ከ3,000 በታች ከሆነ በወረቀቱ ግርጌ «ለዕድሜው ዝቅተኛ ነው፤ ይደገም» ብዬ በእጄ እጽፋለሁ። ባለፈው ጥር ከኮምቦልቻ የመጣ የሰባት ወር ልጅ 1,900 ወጣለት። እናቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ የሐረጎን ዳገት እንደገና በሚኒባስ ወጥታ አመጣችው፤ ሁለተኛው 5,600 ሆነ። ቫይረስ ይዞት ለጊዜው ወርዶ ነበር ማለት ነው። «ታዲያ ምንም የለበትም?» አለችኝ። የለበትም አልኳት፤ የክትባት ካርዱን ተቀብዬም ሁለቱን ቁጥሮች ከነቀናቸው ጀርባው ላይ ጻፍኩላት።