ውሃው በየት ነው የሚሄደው?

ቢሯችን የቤተሰብ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር፣ እህቴ አርክቴክት ናት፣ የብረትና የኮንክሪቱ ስሌት የኔ ድርሻ ነው። አባዬ ሳያየው ለደንበኛ የሚሰጥ ፕላን የለም። ታትሞ ይቀርብለታል፣ መነጽሩን ያደርጋል፣ መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውን ነው። "ውሃው በየት ነው የሚሄደው?"

ጅማ ላይ ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል። 100 ካሬ ክዳን ላይ 150,000 ሊትር ማለት ነው፤ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 75 ጊዜ ይሞላል።

ደንበኞች ግን ስልካቸው ላይ ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ቆርቆሮው ከግንብ ጀርባ ተደብቆ ከፊት ለፊት ጠፍጣፋ የሚመስል ቤት ነው የሚፈልጉት። አንዴ እሺ ብለን ሠራን። ክረምት ሲገባ የተደበቀው አሸንዳ በቅጠል ተደፈነ፣ ውሃው ወደ ውስጥ ዞረና የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ወረደ። በራሳችን ወጪ አደስነው። ሴትየዋ አልተቆጡንም፣ እሱ ነው የባሰብኝ።

ከዚያ ወዲህ ክዳኑ ከግድግዳው 1 ሜትር ያህል እንዲወጣ እንከራከራለን። ግድግዳው ከዝናብ ይድናል፣ በረንዳም ይገኛል። አባዬ ይህን የተማረው ጅሬን ላይ ካለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነው፤ ልጆች ሳለን እየወሰደ የእንጨቱን ሥራና ሰፊውን በረንዳ በእጁ እየዳሰሰ ያሳየን ነበር። በረንዳ ለኛ ትርፍ ቦታ አይደለም። ባለፈው አንዲት እናት በረንዳው ይቅርና ሳሎኑ ይስፋ ሲሉ እህቴ "እማማ፣ ሐምሌን ሙሉ ቡናውን የት ሊያፈሉ ነው?" አለቻቸው። ትንሽ አሰቡና ተዉት።

አባዬ ሁሉንም ያሸንፋል ማለት አይደለም። እሱ ትናንሽ መስኮት ይወዳል። እህቴ ደግሞ አየር ካልገባ ሻጋታ ይገባል ብላ መስኮቶቹን እርስ በርስ ፊት ለፊት ታደርጋለች፣ እውነቷን ነው፣ ክረምት ላይ ተዘግቶ የሰነበተ ክፍል ምን እንደሚሸት ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን የያዝነው ቦታ ጠባብ ነው። ክዳኑን ካወጣነው ውሃው ጎረቤት ግቢ ይወድቃል፤ ካላወጣነው ግድግዳው ይበሰብሳል። እህቴ ቤቱን አዙራ ለሦስተኛ ጊዜ ሥላዋለች። አባዬ ትናንት ማታ ወረቀቱን ይዞ ገባ፣ እስካሁን ምንም አላለም።