የእማማ ክንድና የእኔ ሦስት ደቂቃ

በ2021 የጸደይ ወራት፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አዛውንት ሁለተኛውን የኮቪድ ክትባት በወሰዱ ማግስት ክንዳቸው ላይ ሰፊ ሽፍታ ወጣባቸው። ትኩሳትም ነበራቸው። ሐኪም አይቷቸው በጥቂት ቀናት ውስጥ ዳኑ። መከሩ ገብቶ የማጠናከሪያው ተራ ሲደርስ ግን እምቢ አሉ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን ማን ጠየቀኝ? ማንስ ጻፈው?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄያቸው እንቅልፍ ነሳኝ። እማማ የክትባት ጠላት አይደሉም፤ ታናሽ ወንድማቸውን ኩፍኝ እንደወሰደባቸው ብዙ ጊዜ ነግረውኛል። ያጡት ሰሚ ነው።

አሜሪካ ውስጥ ከክትባት በኋላ የደረሰን የጤና ችግር የሚመዘግብ «ቫርስ» የተባለ ሥርዓት ከ1990 ጀምሮ አለ። ሐኪም ብቻ ሳይሆን ማንም ሰው ሪፖርት ማድረግ ይችላል። እኔ ይህን የማውቀው ዘግይቼ ነው። ቅጹን ከእማማ ጋር ወጥ ቤት ተቀምጠን ሞላነው። «ክንዴን ይነዝረኝ ነበር» ሲሉኝ እጄ ቆመ። ሕመም ልበለው? ማሳከክ? መደንዘዝ? ሦስቱም በእንግሊዝኛ ሦስት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ደጋግሜ ጠይቄ፣ በጣታቸው እያሳዩኝ፣ መርፌ እንደሚወጋጋ ዓይነት ስሜት መሆኑን ተረዳሁ። አጠገባቸው ሰው ባይኖር ኖሮ ይህ ምልክት የትም አይመዘገብም ነበር።

አንድ ሪፖርት ብቻውን ክትባቱ ጉዳት አደረሰ ማለት አይደለም። ሲደራረብ ግን ጥያቄ ያስነሳል። በ1998 የጸደቀው፣ ሕፃናትን ለተቅማጥ የሚዳርገውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት «ሮታሺልድ» በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ የታገደው፣ የሕፃናት አንጀት አንዱ በሌላው ውስጥ እየገባ መታነቁን የሚገልጹ 15 ሪፖርቶች ቫርስ ደርሰው ነው። 15 ብቻ! ቁጥሩን ሳነብ የእማማ ወረቀት ክብደቱ ተሰማኝ።

ከዚያ የአሜሪካን መንግሥት በክትባት ጉዳይ ወደሚያማክረው ኮሚቴ፣ ወደ ኤሲአይፒ አመራሁ። ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው፤ አስተያየት ሰጪ ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ጠያቂው ከበዛ ዕጣ ይወጣል። ተመዘገብኩ፤ ዕጣው አልወጣልኝም። በጽሑፍ ለመላክ ተቀመጥኩና አራት ገጽ ሞላሁ፤ የስልክ ወረፋውን፣ የአስተርጓሚ እጦቱን፣ ንዴቴን ሁሉ ከተትኩበት። ነርስ የሆነች ጓደኛዬ አንብባው «ምን እንዲያደርጉልሽ ነው የምትጠይቂው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እንደገና ጻፍኩት፤ ግማሽ ገጽ ሆነ። ከክትባት በኋላ በስልክ የሰዎችን ጤና የሚጠይቀው «ቪ-ሴፍ» ከእንግሊዝኛ ሌላ በስፓኒሽ፣ በቻይንኛ፣ በኮሪያኛና በቬትናምኛ ነበር፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ በአማርኛም ይጠየቅ አልኩ።

አስተያየቴ መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ከሌሎቹ ጋር ለሕዝብ ወጣ። ለእኔ በግል የመጣ መልስ የለም። ያዘንኩት በዚህ ሳይሆን በራሴ ስህተት ነው፤ ኮሚቴው የሚመክረው ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ክትባት ይውሰድ በሚለው ላይ ነው። የቋንቋው ጉዳይ ክትትሉን የሚያካሂደው ክፍል ሥራ ነበር። በጎ ሐሳብ ይዤ የተሳሳተ በር አንኳኳሁ። አሁን አንድ ደብዳቤ ከመጻፌ በፊት «ይህን የመወሰን ሥልጣን የማን ነው?» ብዬ ሙሉ ቀን አጣራለሁ።

በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ክትባት አልፎ አልፎ ራሱ ልምሻ ያመጣ ነበር። ልጆቻቸው የተጎዱባቸው ወላጆች ክትባት ይቅር አላሉም፤ በመርፌ የሚሰጠው፣ ይህን ጉዳት የማያመጣው ይሁን ብለው ዓመታት ወተወቱ። አሜሪካ በ2000 ሙሉ በሙሉ ወደ መርፌው ተሸጋገረች። ስለ ደህንነት የሚጠይቅን ሰው ከክትባት ተቃዋሚ ጋር የሚደምሩ ወዳጆቼን በዚህ ታሪክ እሞግታቸዋለሁ።

ለኮሚቴው የጻፍኩትን ለእማማ በአማርኛ አነበብኩላቸው። ታኅሣሥ ላይ ማጠናከሪያውን ለመውሰድ አብረን ስንሄድ ደብተር ይዘው ነበር። የተወጉበትን ሰዓትና የክትባቱን መለያ ቁጥር በገዛ እጃቸው ጻፉ፤ ከሥሩም ሦስት መስመር ባዶ ተዉ።