አያቴ የተዉልን አራት ጠመንጃዎች

አያቴ ባረፉ በዓመቱ፣ በ2006 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ቢቸና አጠገብ ባለው የቤተሰባችን ግቢ ተዝካራቸው ሲወጣ፣ የአጎቴ ልጅ ከግድግዳ ያወረደውን የእንግሊዝ ጠመንጃ ካዝና (የጥይት መያዣ ሳጥኑን) ነቅሎ ከጎኑ አስቀመጠና ባዶ መሆኑን ለእንግዶች ለማሳየት ምላጩን ሳበው። ጥይቱ የቤቱን ቆርቆሮ በስቶ ወጣ። አፈሙዙ ወደ ላይ ስለነበረ ሰው አልተነካም፤ ነገር ግን ከፊት ለፊቱ ሦስት ሕፃናት ተቀምጠው እንደነበር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ካዝናው 10 ጥይት የሚይዝ ሲሆን በኋላ ስንቆጥረው የተገኘበት 9 ብቻ ነበር። አሥረኛውን ጠመንጃው አስቀድሞ ጎርሶት ኖሯል።

ልጁ ግዴለሽ አልነበረም። ያደገው ቤተሰባችን ምንሽር ከሚለው የጣሊያን ጠመንጃ ጋር ነው። ምንሽሩ ስድስት ጥይት የሚጎርሰው በአንድ የብረት ማቀፊያ እንደታሰረ ሲሆን፣ ይህንን ማቀፊያ ከነጥይቱ መልሶ ለማውጣት ማቀባበያውን ወደ ኋላ መሳብ ግድ ይላል፤ ማቀባበያው ሲሳብ ደግሞ በጉሮሮው፣ ማለትም ጥይቱ ለመተኮስ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ውስጥ ያለው ጥይት አብሮ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ በምንሽር ላይ «ጥይቱን አወጣሁ» ያለ ሰው በእርግጥም ባዶ አድርጎታል። የእንግሊዙ ካዝና ግን ማቀባበያው እንደተዘጋ ከሥር ይነቀላል፤ ጉሮሮ ውስጥ ያለውም ጥይት ባለበት ይቀራል። የልጁ እጅ የሠራው ልክ ነበር፤ የሠራው ግን በሌላ ጠመንጃ ላይ ነው። አራቱን ጠመንጃዎች አንድ በአንድ ላነጻጽራቸው የወሰንሁት ይህ ከገባኝ በኋላ ነው።

ጠመንጃዎቹ በአጎቴ ስም የተመዘገቡ ስለነበሩ በመጀመሪያ የእርሳቸውን ፈቃድ ጠየቅሁ። ቀጥሎም በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ በመሣሪያ ጥገና የኖሩ አንድ ጡረተኛ ሻምበል ባሻ አብረውኝ እንዲቀመጡ ለመንኋቸው። እኔ በደብረ ማርቆስ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ፤ ብረት ሲበላ አውቃለሁ፤ የጠመንጃን ጠባይ ግን ከእርሳቸው መማር ነበረብኝ። እውነተኛ ጥይት ሁሉ አስቀድሞ ከቤቱ ወጥቶ በጎረቤት ሳጥን ተቆለፈበት። በምትኩ ለየጠመንጃው ልክ የሚሆን የጥይት አምሳያ ከወይራ እንጨት በቶርኖ አወጣሁ። በደብተሬ ላይ ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የጻፍኋቸው ጥያቄዎች ጥቂት ነበሩ፦ መቆለፊያው (ምላጩ ቢሳብም እንዳይተኩስ የሚከለክለው) የት ነው? ወዴት ሲዞር ይቆልፋል? ምኑን ይቆልፋል? እንደተቆለፈ ጥይት ማውጣት ይቻላል?

በዕድሜ ታላቁ ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣ፣ ባለ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ በዓድዋም ዘምቷል። በአውራ ጣት የሚዞር መቆለፊያ የለውም። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያው ቀን በደብተሬ ላይ ከሁሉም አደገኛ ብዬ ጻፍሁት፤ ከሳምንት በኋላ ግን ሰረዝሁት። አያቴ በጉልምስናቸው ድኩላና ከርከሮ ለማደን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ውጅግራውን የሚይዙት ማቀባበያውን ከፍተው፣ ጥይቱን በዝናራቸው ትተው እንደነበር አጎቴ ነገሩኝ። ካዝና ስለሌለው የተከፈተ ውጅግራ ባዶነቱ ለማንም ሰው ከሩቅ ይታያል። ሻምበል ባሻ አጥብቀው ያስጠነቀቁኝ በሌላ ነገር ነበር፦ ይህ ጠመንጃ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ ሲተኮስ ማቀባበያውን ዘግቶ የሚይዘውም የእጀታው ሥር ብቻ ስለሆነ በዘመናዊ ባሩድ የተሞላ ቀለህ ሊጎርስ አይገባውም።

ከሁሉ ረጅም ጊዜ የወሰደብን ምንሽሩንና ቤልጅጉን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ነው። ቤልጅግ የምንለው በቤልጅግ አገር በኤርስታል የተሠራው የማውዘር ጠመንጃ ሲሆን፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. የ1898ቱ ማውዘር ነው። የሁለቱም መቆለፊያ በማቀባበያው ጀርባ ላይ ይገኛል፤ በጨለማ ለሚዳስሳቸው እጅም ይመሳሰላሉ። የምንሽሩ ቁልፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም ቆልፏል፤ ወደ ቀኝ ሲወድቅ ሊተኩስ ዝግጁ ነው። የቤልጅጉ ክንፍ ደግሞ ወደ ቀኝ ሲወድቅ ፈጽሞ ቆልፏል፤ ወደ ግራ ሲወድቅ ይተኩሳል። እንግዲህ «ወደ ቀኝ ነው» የሚለው አንድ ቃል በአንዱ ላይ ሰላም፣ በሌላው ላይ ሞት ማለት ነው። ሁለቱ ጠመንጃዎች በአንድ ግድግዳ ላይ፣ በአንድ ችንካር ሥር ለስንት ዓመት እንደተሰቀሉ ሳስብ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ቤልጅጉ ሌላው የሌለው አንድ ትልቅ ነገር አለው። ክንፉ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም መምቻ መርፌው ተይዞ ይቆያል፤ ማቀባበያው ግን ይከፈታል። ስለዚህ ጥይቱን አንድ በአንድ ማውጣት የሚቻለው ጠመንጃው እንደተቆለፈ ነው። በምንሽሩና በእንግሊዙ ላይ ጥይት ለማውጣት አስቀድሞ መቆለፊያውን መክፈት ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ በማቀባበያው አካል ላይ ያሉት ቀዳዳዎችና ከኋላ ያለው ሰፊ ክብ ጋሻ፣ ቀለህ ቢተረተር እሳቱ ከተኳሹ ዓይን እንዲርቅ የተሠሩ ናቸው። በአሠራሩ ብቻ ከፈረድሁ ከአራቱ የሚበልጥ እርሱ ነው።

ነገር ግን የተሠራው ጠመንጃ ሌላ፣ በእጃችን ያለው ጠመንጃ ሌላ ነው። ሻምበል ባሻ ያስተማሩኝ ፈተና ቀላል ነበር፦ ባዶነቱ በዓይንና በጣት የተረጋገጠውን ጠመንጃ አቀባብሎ መቆለፍ፣ ምላጩን ጠበቅ አድርጎ ስቦ መልቀቅ፣ ከዚያም ምላጩን ሳይነኩ መቆለፊያውን መክፈት። ምንሽሩና እንግሊዙ ዝም አሉ። ቤልጅጉ ላይ ግን ክንፉን ወደ ግራ ስመልሰው መርፌው ቀጭ ብሎ ወደቀ። ደጋግሜ ሞከርሁት፤ በአምስት ሙከራ አራት ጊዜ ወደቀ።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «ይኸ ምላጭ አይፈልግም። መቆለፊያውን ስትከፍት ይተኩሳል።»

ምክንያቱን ማቀባበያውን ፈትተን አገኘነው። ክንፉ በሚዞርበት ጊዜ የመርፌውን ጭራ በጥቂቱ ወደ ኋላ ጎትቶ ከምላጩ ጥርስ ሊያላቅቀው ይገባል፤ በዚህ ጊዜ ምላጩ ቢሳብና ቢለቀቅ ጥርሱ ወደ ቦታው ተመልሶ ይነሣል። የእኛው ግን ክንፉና ጭራው የሚገናኙበት ፊት በብዙ ዓመት አገልግሎት ስለተበላ፣ ክንፉ ጭራውን የሚጎትትበት ርቀት አልቆ ነበር። ጥርሱ አንዴ ከወረደ የሚመለስበት ቦታ የለውም፤ መርፌውን የያዘው ክንፉ ብቻ ነው። አያቴ በሽምግልናቸው ይህን ጠመንጃ ቆልፈው በትከሻቸው አንግተው፣ ከኋላቸው የልጅ ልጆቻቸውን አስከትለው ይሄዱ ነበር። የተበላውን ፊት በብየዳ ልሞላው ስነሣ ሻምበል ባሻ ከለከሉኝ፤ በእሳት የጠነከረ ብረት በብየዳ ሙቀት ጥንካሬውን እንደሚያጣ በሙያዬ ማወቅ ሲገባኝ ስሜት አሸንፎኝ ነበር። የአንዱን ጠመንጃ ማቀባበያ ለሌላው ማዋስም አይገባም። በእንግሊዙ ላይ የማቀባበያው ራስ ራሱን ችሎ የሚፈታና በልክ የሚመረጥ በመሆኑ፣ ያለ ልኩ የገባ ራስ ቀለህ ያስተረትራል።

ስለ አያያዝ ብዙ አልጽፍም። ውጅግራው 130 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን በቁጥቋጦ መሐል ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ይከብዳል። 92 ሳንቲ ሜትር የሆነው አጭሩ ምንሽር ከሁሉ ይቀላል፤ ማቀፊያው የሚወድቅበት የሥር ቀዳዳው ግን ጭቃ ያስገባል። የእንግሊዙ ማቀባበያ ለእጅ ቅርብና ፈጣን ነው፤ መቆለፊያውም በግራ ጎን በአውራ ጣት የሚደረስበት ሲሆን ወደ ኋላ ሲመለስ ይቆልፋል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ይከፍታል። ይህ ጠመንጃ ወደ ቤታችን የገባው ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ ጎጃም ከገቡ በኋላ እንደሆነ አጎቴ ይናገራሉ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የድሮ ጥይት ካፕሱል (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ክፍል) በአፈሙዙ ውስጥ ጨው ስለሚተው፣ ዘይት ብቻ የተቀባ ጠመንጃ በጮቄ ክረምት ጉም ከውስጥ ይዝጋል። አስቀድሞ በሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት መቀባት ያስፈልጋል።

ዛሬ ቤልጅጉ ያለ ማቀባበያ በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ማቀባበያው በአጎቴ ሳጥን ተቆልፎበታል። ምንሽሩና እንግሊዙ በተለያየ ክፍል ተቀምጠዋል። የወይራ አምሳያዎቹ የልጆቹ መማሪያ ሆነዋል። የአጎቴ ልጅ አሁን ጠመንጃ በእጁ ሲገባ ካዝናውን ይነቅላል፣ ማቀባበያውን ይከፍታል፣ በዓይኑ ያያል፣ ከዚያም ትንሿን ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ያስገባል። ጠመንጃውን እንደተከፈተ ለአባቱ ያቀብላል፤ አባቱም ሁሉን በዓይናቸው ያዩ ቢሆኑም የራሳቸውን ጣት እንደገና ያስገባሉ።