ጭቃና ጉቶ ላይ ሞተር ለመለማመድ ምን እለብሳለሁ

ጅማ ውስጥ ስለ ሞተረኛ መከላከያ ካወራችሁ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሄልሜት ብቻ ነው። እሱም ትራፊክ ፖሊስ ሲታይ ጭንቅላት ላይ የሚደረግ፣ ካለፉት በኋላ ክንድ ላይ የሚንጠለጠል። እኔ ግን ከእግር ነው የምጀምረው፣ ምክንያቱም የምለማመደው ትራያል ነው።

ትራያል ለማታውቁት፣ ፍጥነት የሌለበት የሞተር ስፖርት ነው። ድንጋይና ጉቶ እየዘለላችሁ፣ ቆማችሁ፣ በአንደኛ ማርሽ ትወጣላችሁ። እግራችሁ መሬት ከነካ ነጥብ ይቆጠርባችኋል፤ አሸናፊው ትንሽ ነጥብ የያዘው ነው። ስፔናዊው ቶኒ ቡ በፈረንጆቹ ከ2007 ጀምሮ ዓመት ከዓመት የዓለም ሻምፒዮና ሲወስድ ቪዲዮው ላይ ቀላል ይመስላል። የእሱ ሞተር 70 ኪሎ አካባቢ ነው፣ መቀመጫ እንኳን የለውም። የእኔ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ የምወድቀውም ከእሱ ጋር ነው። ቦታው ጅረን ዳገት አካባቢና ወደ ሰቃ በሚወስደው መንገድ አንድ ወዳጄ ቡና ማሳ ዳር ነው። ክረምት ላይ ያ ቀይ ጭቃ ምን እንደሚመስል የጅማ ሰው ያውቀዋል።

ፍጥነት ስለሌለ አወዳደቁም ሌላ ነው። አስፋልት ላይ እንደሚሆነው ተንሸራታችሁ ቆዳችሁ አይላጥም። ሞተሩ ቀስ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ይጋደማል፣ ከስሩ የሚቀረው ደግሞ የእናንተ እግር ነው። ቁርጭምጭሚት፣ ቅልጥም፣ ጉልበት፣ መዳፍ። ገንዘቤን የመደብኩት ይህን አይቼ ነው።

የትራያል ቦት ከውጭ ማስመጣት የማይታሰብ ነበርና ጥሩ ከስክስ ጫማ ገዛሁ። የዝናብ ቦቲ እንዳታደርጉ፤ ከውሃ ያድናል እንጂ ቁርጭምጭሚት አይዝም፣ ጭቃ ከነካው ፔዳል ላይም ይንሸራተታል። ከስክሱን ሰፈራችን ያለ ጫማ ሰፊ ጋ ወሰድኩት፣ የግራውን አናት ማርሽ የሚነካበት ቦታ ላይ ቆዳ ደረበበት፣ ተረከዙንም አጠነከረው። ሶሉን ግን በጣም ወፍራም እንዳያደርግብኝ ነገርኩት፣ ፔዳሉ በእግሬ መሰማት አለበት። ማሰሪያውን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ እከታለሁ። የተንጠለጠለ ማሰሪያ የሞተሩ ካቴና (ሰንሰለት) ውስጥ ሲገባ ማሰብ አልፈልግም።

ለቅልጥም መጀመሪያ ያደረግኩት የኳስ ተጫዋቾች ካልሲ ውስጥ የሚያስገቡትን መከላከያ ነው። ለቀላል ምት ይሠራል፣ ለጀማሪ በቂ ነው። በኋላ ጉልበትና ቅልጥም አንድ ላይ የሚሸፍን አገኘሁ፣ ያገለገለ፣ ግን ፕላስቲኩ ያልተሰነጠቀ። እዚህ ላይ የተማርኩት ነገር ቢኖር መከላከያ ቦታው ላይ ካልቆየ እንደሌለ መሆኑን ነው፤ ቀጭን ማሰሪያ ያለው ሁለት ዳገት ሳትወጡ ቁርጭምጭሚት ላይ ይደርሳል። ረጅም ካልሲ ከስር አድርጌ፣ ከጉልበት በላይና በታች ሰፊ ላስቲክ አስሬ፣ ከላይ ሱሪ እለብሳለሁ። መግዛት የምትፈልጉ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብድግ በሉበት፣ ባለሱቁ ይሳቅ።

ሱሪው ጂንስ ነው ወይም ወፍራም ጥጥ። ቱታ አይሆንም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) በጣም ይግላል፣ ናይለን ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ባት ላይ ያ ክብ ጠባሳ ያላቸውን ሞተረኞች ቁጠሩ ብላችሁ ብትወጡ መርካቶን ሳትጨርሱ ይደክማችኋል።

ሄልሜት ላይ አልደራደርም፣ ከእግር ጀምሬ ማውራቴ እንዳያታልላችሁ። በፈረንጆቹ 2008 የወጣ የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግም ድርጅት) ግምገማ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይላል። የትራያል ተወዳዳሪዎች ቀላል፣ ፊቱ ክፍት የሆነ ያደርጋሉ፤ እኔ ግን ጅረን ለመድረስ ከባጃጅና ከአይሱዙ ጋር እየተጋፋሁ ስለምሄድ አገጭ የሚሸፍን መረጥኩ። ይሞቃል፣ መስታወቱም ዝናብ ላይ ጉም ይይዛል። ዳገቱ ላይ መስታወቱን እከፍታለሁ። ስትገዙ የውስጡን ጨርቅ ገለጥ አድርጉና እዩ። ጠንካራ ፎም ከሌለው፣ ስፖንጅ ብቻ ከሆነ፣ ኮፍያ ነው የገዛችሁት። ያ ፎም ምቱን የሚውጠው በመድቀቅ ነው፣ አንዴ ከደቀቀ አይመለስም፤ ስለዚህ ከባድ ምት የቀመሰ ሄልሜት ከውጭ ደህና ቢመስልም ይጣላል። ያገለገለ ሄልሜት የማልገዛውም ለዚህ ነው። ያገለገለ የጉልበት መከላከያ ግን ምንም አይለኝም።

ጓንት ቀጭን ይሁን። ፍሪሲዮን (በግራ እጅ የሚጨበጠው ማንሻ) በአንድ ጣት ነው የሚያዘው፣ የብየዳ ጓንት አድርጋችሁ ይህን መሥራት አትችሉም፣ ክንዳችሁም ቶሎ ይዝላል። መዳፉ ላይ ግን ድርብ ቆዳ አሰፍቼበታለሁ። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።

ልብስ ያልሆነ ግን ከልብስ የማልለየው አንድ ነገር አለ፣ የእጅ ገመድ። አንዱ ጫፍ አንጓዬ ላይ፣ ሌላው ሞተሩ መሪ ላይ ያለ ማጥፊያ ላይ ይታሰራል፤ ስወድቅ ይነቀልና ሞተሩ ይጠፋል። ውድድር ላይ ግዴታ ነው። የእኔን ኤሌክትሪሺያን ነው የሠራልኝ፣ ገመዱ ሲነቀል የማቀጣጠያው ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር ይገናኝና እሳቱ ይቋረጣል። ከላያችሁ ላይ የተጋደመ ሞተር ጎማው እየተሽከረከረ ከሆነ ቦትም ጓንትም ብዙ አይረዳም። ርካሹ ነገር ይሄ ነበር፣ መጀመሪያ የምመክረውም እሱን ነው።

እንዲህ ለባብሼ መጀመሪያ ቀን ስሄድ በማሳው አጠገብ የሚኖሩ አባት ቆመው አዩኝና «ልጄ፣ ከማን ጋር ልትዋጋ ነው?» አሉኝ። «ከጉቶዎ ጋር አባባ» አልኳቸው። አሁን ባገኙኝ ቁጥር «ዛሬስ ማን አሸነፈ?» ይሉኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጉቶው ነው።

ማድረቅ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፣ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም። ከሰል ዳር አታስቀምጡ፤ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ የሄልሜቱ ፎምም ሙቀት አይወድም። ከስክሱ ውስጥ ጋዜጣ እጠቀጥቃለሁ፣ ማታ ማታ እቀይረዋለሁ፣ ሲደርቅ ቅባት። የሄልሜቱን ጨርቅ አውጥቼ በሳሙና አጥባለሁ፣ ቅርፊቱን ግን በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ብቻ፤ ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ይበላዋል።